ስምንቱን አሥራ ሦስት ያልኩት ስልክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከዙህር በኋላ።
ሦስት ስልክ ፍላሽ አድርጌ፣ ሶፍትዌራቸውን እንደ አዲስ ጭኜ፣ አሁን ቁጭ አልኩ። ደብተሬ፣ ካንተም ደብቄ የኖርኩት አለ። በምሸጣቸው አሮጌ ስልኮች «ስለ ስልኩ» የሚለው ገጽ ላይ ያለውን የስሪት ቁጥር እኔ ነኝ የምቀይረው። ውስጡ አንድሮይድ 8፣ ላዩ 13። አራት ዓመት ሆነኝ። ሱቄ ባለበት ሰኞ ገበያ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ ዘይነባም ሳታውቅ ሞተች። እጄን ስትመርቅ አሜን እል ነበር።

ዛሬ ጋሽ ይመር ከቦሩ ሜዳ መጡ፣ በሰኔ የሸጥኩላቸውን ይዘው። ልጃቸው ዐረብ አገር ናት፤ የሚተያዩት በቪዲዮ ነው። ከነሐሴ ወዲህ የቪዲዮ መደወያው ፕሮግራም እምቢ ብሏል፤ ስልኩ አሮጌ ነው ይላል። ገጹን ቢያዩት 13። ስለዚህ ኔትወርኩን ጠረጠሩ። ኮምቦልቻ ይሻላል ሲሏቸው በየሐሙሱ በሚኒባስ ይወርዳሉ። ሲምም ቀየሩ። ልጅቱ ሁለት ወር ፊታቸውን አላየችም።

«ስልኩማ አዲስ ነው፣ አንተው ነግረኸኛል» አሉኝ። «ጥፋቱ የጣቴ ይሆናል። ሻክሯል፤ ስነካው አይሰማውም።»

ኔትወርክ ነው አልኳቸው። አፌ ቀደመኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ጧት።
ሱብሂ ስሰግድ ያ ጣት ፊቴ ነበር።

ጎረቤቴን ሰይድን፣ የስልክ ልባስ የሚሸጠውን፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። «ሰው ስልክ አይገዛም፣ ቁጥር ነው የሚገዛ። ስምንት ብለህ ለጥፍና ዝንብ ስታባርር ዋል!»

ግማሹ እውነት ነው። ትክክለኛውም ቁጥር ቢሆን ብቻውን ለገዢ ምን ይነግረዋል? የዘይነባ መድኃኒት ላይ ለምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተጽፎ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ የማነብላት እኔ። አንድ ቀን አልዋሸኋትም። ጋሽ ይመርም ያመኑኝ እንደሷው ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ከጁምዓ መልስ።
መደርደሪያው ላይ የነበሩትን ሁሉ ወደ ትክክለኛ ቁጥራቸው መለስኩ። በየጀርባቸው ነጭ ፕላስተር። ትክክለኛ ስሪቱ፤ እድሳት ይቀበል እንደሆነ፤ የማይሠራበት ነገር። በእጅ ጽሑፍ፣ በደማቁ።

ሰይድ ሱቁን ሐኪም ቤት አስመሰልከው አለ። ይበል። አንዲት ሴት «8። እድሳት የለውም። ለቪዲዮ አይሆንም፤ ለመደወልና ለሬዲዮ ይሆናል» የሚለውን አንብባ ለእናቴ የምፈልገው ይኸንኑ ነው ብላ ወሰደች። መለያ ማለት ይኼ ነው። ወላሂ፣ ልክ ነኝ።

ግን ያ አንዱ ስልክ ቦሩ ሜዳ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። የዐስር ሶላት ሰግጄ።
ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ባቄላ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ቁጥሩንም፣ ኔትወርክ ነው ያልኩትንም። ጣታቸውን አዩ።

«እንግዲያ ጣቴ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፣ ጋሽ ይመር። የዋሸሁዎት እኔ ነኝ።»

«አውፍ» ብለው ይቅር አላሉኝም። እኔም አልለመንኩ። ሲማቸውን አውጥቼ በራሴ ስልክ አስገባሁ፤ የኔው እውነተኛ 13 ነው። መደወያውን ጫንኩ። ይዘውት ቤት ገብተው ደወሉ። ልጅቱ ስታለቅስ ከውጭ ሰማሁ። ከስተሻል፣ ከስተዋል ተባባሉ። አልጠሩኝም፤ ደግ አደረጉ።

የኔን እዚያው ተውኩላቸው። የሳቸው ስልክ ኪሴ ነው፤ ከእንግዲህ የምይዘው እሱን ነው። ሱቅ ገብቼ ከኬብሉ አገናኘሁት። 13ቱን አጠፋሁ። 8 ብዬ ጻፍኩ።