ስለ ታሰረው አሸዋ

ድሬዳዋ፣ ቅዳሜ ግንቦት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

የዛሬ ጠዋት ቆጠራ፦ በሱቄ ጓሮ አንዲት ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የስፖርት መኪና፣ የኋላ ሽፋኗ አንድ ጥግ ተነሥቶ የደረቀ። አንድ ጣሳ ማጣበቂያ፣ ከነማማሰያው ድንጋይ የሆነ። የአሸዋ ከረጢት የለም። ባቲላሜራ የለም።

ለተከበሩ ጓድ ጉግሳ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤

ይህ የግንቦት ወበቅ እኛን ተራ ነዋሪዎችን ቢያቀልጠንም፣ እርስዎን ግን በቀበሌው ብቸኛ ቬንትሌተር ሥር በሙሉ ጤንነት እንደሚያገኝዎ በማመን፣ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ቤታችንን በመዞር ለማይታክቱት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ በከዚራ ሰፈር የመኪና መለዋወጫና ቀለም የምሸጥ ነዋሪዎ ነኝ። በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርሁት፣ እርስዎ ራስዎ «ሰፊው ሕዝብ ሂሱን ሳይፈራ ይለጥፍ» ብለው በቀበሌው በር ላይ ያሰቀሉት ሰሌዳ እስከ ዛሬ ከአንድ የጠፋች ፍየል ማስታወቂያ በቀር ምንም ሳይለጠፍበት በመቆየቱ፣ ባዶነቱ ለክብርዎ የማይመጥን ሆኖ ስለ ታየኝ ነው። ነፋስ ወይም ሌላ ነገር ይህን ወረቀት ቢነቅለው መልሼ ለመለጠፍ እንዲያመቸኝ ቅጂውን በማስታወሻ ደብተሬ አስቀርቻለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የተጎዳ የመኪና አካል የሚያቃናው ባቲላሜራ ሸምሶ፣ ፋይሉ ሰኞ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ከፍተኛ ከመተላለፉ በፊት እንዲለቀቅ፣ ለዚህም በማስረጃነት ከታሸጉት ከረጢቶች አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ በሕዝብ ፊት እንዲከፈት። የቀረው ጽሑፌ ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፤ መኪናዋን ከባቡር ኩባንያ ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የገዛኋት መሆኑን ያውቃሉ። ጣሪያ ስለሌላት፣ ቆመው ለሕዝቡ እጅዎን ለማውለብለብ ትመቻለች ተብሎ ለመስከረም ሁለት ሰልፍ እንድተባበር ተጠየቅሁ፤ ተባበርሁ። የተመደበው ሾፌር እስከዚያ ዕለት የነዳው ትራክተር ብቻ ስለ ነበር፣ ወደ ኋላ ሲመለስ የኋላ ሽፋኗንና የግራ ፓራፋንጎዋን፣ ማለት የጎማ መከለያዋን፣ ከክብር መድረኩ ምሰሶ ጋር አላትሞ አንኮታኮታቸው። እርስዎ ግን በዚያ ሁሉ ነውጥ ውስጥ እጅዎን ማውለብለብ ለአፍታ እንኳ አለማቋረጥዎን ከተማው እስከ ዛሬ ያነሣል። ለትብብሬም ባለማኅተም የምስጋና ወረቀት ስለ ሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀቱን በተሰበረው ቦታ ላይ ለክቼው ነበር፤ አይሸፍንም።

ሁለተኛ፤ ጉዳቴ አሳስቦዎ የብረታ ብረት ማኅበሩን ባልደረቦች ከነኦክስጅናቸው ስለ ላኩልኝ ውለታዎን አልረሳም። የመኪናዋ አካል ላሜራ ሳይሆን ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ ፋይበር መሆኑን፣ እሳትም እንደማይወድ ስነግራቸው፣ ሰብሳቢያቸው «እትዬ አሰገደች፣ የማይበየድ ነገር የለም፤ ያልተደራጀ በያጅ ነው ያለው» በማለት አስተምሮኛል። ከዚያም ፓራፋንጎውን በየደው። ፓራፋንጎው እንደ ደመራ ነደደ። ባልዲ ይዘው የደረሱት ጎረቤቶቼ «አቦ፣ መስቀል እኮ አለፈ!» እያሉ ቢያሾፉብኝም፣ ማኅበሩ ግን ሥራው መጠናቀቁን የሚገልጽ ሪፖርት በዚያው ዕለት አቅርቧል።

ሦስተኛውን ቅሬታዬን፣ ከአራተኛው ጋር ሳመዛዝነው ያፈርሁበት በመሆኑ፣ ሰርዤዋለሁ።

አራተኛ፤ አዲሶቹ የፋይበር ቁራጮች ብዙ ወር ካስጠበቁኝ በኋላ ከጅቡቲ በባቡር ሲደርሱ ሸምሶን ጠራሁ። እርስዎም የቀበሌው ላንድሮቨር በር በተጣመመ ቁጥር የሚያስጠሩት እርሱን ነው። ሸምሶ የነደደውን ቆርጦ ጣለ፣ የቀረውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ አሻከረ፣ አቧራውንና ቅባቱን ጠረገ። አዲሱን ቁራጭ የሚይዘው ብሎን ወይም ብየዳ አይደለም፤ ከሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ ነው። በእኛ ከተማ ግንቦት ላይ ፀሐይ ከወጣች ማጣበቂያው ገና ከጣሳው ሳይወጣ ስለሚደርቅ፣ ሥራው የሚሠራው ጎህ ሳይቀድ፣ አየሩ ገና ሳይግል ነው። ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ እስኪጠነክር ድረስ ሳይነቃነቅ ተጭኖ መቆየት አለበት። ሽፋኑ ጎባጣ በመሆኑ ሞርሳ የሚባለው የብረት መቆንጠጫ አይጨብጠውም፤ የሚመቸው እንደ ጉብታው የሚተኛ ክብደት ነው። ስለዚህ ሸምሶ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አምጥቶ በስኳር ከረጢቶች ግማሽ ግማሽ ሞላ፣ አፋቸውን ሰፋ፣ በሽፋኑ ላይ ደረደራቸው።

ለምን በስኳር ከረጢት የሚል ጥያቄ ለጥበቃ ጓዶች ከብዷቸው እንደ ነበር ሰምቻለሁ። መልሱ ባዶ ከረጢት የሚሸጥልን የቀበሌው ኅብረት ሱቅ መሆኑ ነው። ሱቁ ስኳሩን ለማቅረብ ባይመቸው እንኳ ከረጢቱን ሳያቋርጥ ስላቀረበልን፣ በዚህ አጋጣሚ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ረቡዕ ንጋት ማጣበቂያው ገና እንደ ማር እየተሳበ ሳለ፣ ስኳር የደበቀ ነጋዴ አድነው እንዲይዙ የታዘዙት ጥበቃዎች በጓድ ደሄቦ መሪነት አጥሬን ተሻግረው ገቡ። በሪፖርታቸውም «ስኳር የጫነች የስፖርት መኪና ልታመልጥ ስትል ደረስንባት» ብለዋል። ሞተሯ በዚያ ሰዓት ወጥቶ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ነበር ሪፖርቱ አለመጥቀሱን፣ የወረቀት እጥረት ነው ብዬ ተቀብየዋለሁ።

ሸምሶ ከመኪናዋ ፊት ቆሞ «ያ ጀማዓ፣ ለአላህ ብላችሁ አሁን አትንኩት! እስኪደርቅ ታገሡኝ፤ ከዚያ እኔው ተሸክሜ ቀበሌ አደርስላችኋለሁ» እያለ ለመናቸው። ጓድ ደሄቦም ወዲያው ነቅቶ «እስኪደርቅ? ታዲያ ስኳሩን ውሃ ነክረኸዋላ!» በማለት ሁለተኛ ክስ ጨመረበት። «ወላሂ አሸዋ ነው» ሲለው ደግሞ «አቦ ተወን እንጂ! አሸዋ ለመጠበቅ ማን ሌሊት ይነሣል?» አለው። እኔም ነገሩን ለማሳጠር ብዬ ከረጢቱን ፈትቶ እንዲቀምሰው ብጋብዘው፣ «እትዬ፣ ማስረጃ አይቀመስም» የሚል ሕግ አሳወቀኝ። ከጥበቃዎቹ አንዱ አንዱን ከረጢት ተሸክሞ እየተንገዳገደ «የዘንድሮ ስኳር ምን ነካው፣ እንዲህ የከበደው?» ሲል ሰምቼ፣ እውነት ከጀርባው ላይ ሆና እያናገረችው ነው ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አልሰማትም።

ከረጢቶቹ ሲነሡ ሽፋኑ በአንድ ጥግ ብድግ አለ። ሸምሶም በሁለት መዳፉ ተጭኖ ያዘው። «ከረጢቱን የሞላውም የሰፋውም እርሱ ነው» ብለው፣ እጁን ከዚያ ላይ አላቅቀው ነው የወሰዱት። ሽፋኑ እንደ ተነሣ ደረቀ፤ ስለ እርሱ ካሳ አልጠይቅም፤ ጠማማ መኪና ትነዳለች።

ሸምሶ ግን እነሆ አራተኛ ቀኑ ነው። ሚስቱ ቱሪያ ምግብ አድርሳ ስትመለስ ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብላ «እትዬ፣ ሙጫው እጁ ላይ ደርቋል፤ ጣቶቹ አይታጠፉም። እንጀራውን ሌላ እስረኛ ነው የሚያጎርሰው» አለችኝ። ማስለቀቂያ ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ ብልክ፣ ፈሳሽ ወደ እስር ቤት አይገባም ተብሎ ተመለሰልኝ። ቱሪያ ለልጆቿ አባታቸው ወደ ሐረር ለሥራ ሄደ ብላቸዋለች። ሐረር ቅርብ ነው፤ ይህ ቃል ልጆቹን ለረጅም ጊዜ አያቆያቸውም። «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚለው ክስም ከቀበሌ ሲወጣ ቀሎ፣ ከፍተኛ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በዚያ መንገድ ሄደው ያልተመለሱ ሰዎችን እርስዎም እኔም ስለምናውቅ አላብራራም።

ሐሙስ ማታ በስብሰባው ላይ «ከአሻጥረኞች የተማረከው ስኳር እሑድ ጠዋት በኅብረት ሱቅ ለነዋሪው ይከፋፈላል» ብለው ሲያበስሩ ጭብጨባው አዳራሹን አናውጦት ነበር። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ጥበቃ እጄን ይመለከት ነበርና። ከዚያ ወዲህ ከረጢቱን መክፈት ለእርስዎ እንደ ከበደ ይገባኛል፤ በሕዝብ ፊት ስኳር ያሉትን አሸዋ ማለት ለማንም አይቀልም።

እኔ ግን የምኖረው በመሸጥና በመግዛት በመሆኑ፣ ሁለታችንም ሳንከስር የምንለያይበትን መንገድ አስቤልዎታለሁ። ከረጢቱ ዛሬ ይከፈት። አሸዋው ሲወጣ ጥበቃዎቹ ተሳሳቱ አይባልም፤ «ጉዳዩ በአብዮታዊ ንቃት ተመርምሮ ተጠርጣሪው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ» ይባላል። እኔም ማንም ሳያየኝ እንኳ አጨበጭባለሁ። አሸዋ ማከማቸት በራሱ ወንጀል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፣ ዋናው አከማቺ የደቻቱ ወንዝ ስለሆነ፣ እርሱን አስረው ሸምሶን ይልቀቁልን።

የቀበሌው ቁልፍና ማኅተም በአንድ ሰው እጅ መሆኑ ሰው የት መሄድ እንዳለበት ስለሚያሳውቀው የምትደሰት፣ መኪናዋ ለመጪው ሰልፍ ብትፈለግ ከፊት ለፊት ለሚያዩ ሁሉ ጠማማነቷ እንደማይታይ የምታረጋግጥ፣ ጤናዎን፣ ዕድሜዎንና ከሁሉ በላይ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጊዜዎን አምላክ እንዲሰጥዎ የምትጸልይ፣

አክባሪዎ
አሰገደች ሀብተ ማርያም

ደብዳቤው ካለቀ በኋላ ያስታወስሁት፦ ክፍፍሉ በቤተሰብ ብዛት መሆኑን ሰምቻለሁ። የእርስዎ ቤተሰብ በቀበሌያችን ትልቁ ስለሆነ፣ ነገ ከሁላችንም የሚበልጠው ድርሻ የእርስዎ ነውና ሰፊ ዕቃ ማስላክዎን አይርሱ።

ነገ፦ በጠዋት ከቱሪያ ጋር ለሸምሶ ቁርስ ማድረስ። ከዚያ የራሽን ካርድና መቀስ ይዞ ኅብረት ሱቅ፤ ከወረፋው ፊት፣ ከተሰፉት ከረጢቶች አጠገብ መቆም።