ለስም አልባዋ ሚስት ስም ያወጡት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ማኑሄ

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ማኑሄ ከአባታቸው ከአቶ ማኑሄ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ክብረት አሰፋ ጥር 6 ቀን 1948 ዓ.ም. ደብረ ሲና ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው በመምህርነት ሠለጠኑ፤ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮም በአዲስ አበባ ለሠላሳ ስምንት ዓመታት አማርኛ አስተማሩ። የዕድሩ ማስታወቂያ ላይ እንኳ የፊደል ግድፈት ካዩ በቀይ እስክሪብቶ ሳያርሙ አያልፉም ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከአቶ ደምሰው ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ልጅ አልወለዱም። አቶ ደምሰው በ1999 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ መካኒሳ አቦ በሚገኘው ቤታቸው ብቻቸውን ኖሩ።

በየዓመቱ በሚያስተምሩት አንድ የቆየ ልብ ወለድ ውስጥ የዋናው ባለታሪክ ሚስት ስም የላትም። አምስት ጊዜ «ሚስቱ» ተብላ ትነሳና በሰባተኛው ምዕራፍ ትሞታለች። ሄርሜላ የምትባል ተማሪ የሴትዮዋን ስም ብትጠይቃቸው፣ «ለፈተና አይመጣም» ብለው ክፍሉን አሳቁባት። ይህ መልሳቸው ሲቆጫቸው ኖረ። በ2008 ዓ.ም. ጡረታ እንደወጡ ያንኑ ታሪክ በሚስትየዋ አንደበት እንደ አዲስ ይጽፉት ጀመር። አምስት ዓመት ፈጅቶ ዐሥራ አንድ ደብተር ሞላ። አሳታሚዎች ጆሮ ዳባ ልበስ አሏቸው።

በ2013 ዓ.ም. ለፋሲካ ደብተሮቹን ፉሪ ለምትኖረው ለወንድማቸው ልጅ ለፅጌረዳ ሰጧት፤ ሌላ አንባቢ አልነበራቸውም። ፅጌረዳ ግን ዛሬ ነገ ስትል አንዱንም አልከፈተችም። ሲደውሉላት «ግማሽ ላይ ደርሻለሁ፣ እትዬ» ትላቸው ነበር። አንድ ቀን፣ «ስሟንስ ወደድሽው?» ሲሏት፣ «በጣም! ልክክ ይልባታል» አለች። «እሺ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ስለ ደብተሮቹ አንስተው አያውቁም።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። ይህን የሕይወት ታሪክ እንድትጽፍ የታዘዘችው ፅጌረዳ ናት። ስለ አክስቷ የምትጽፈው ቢያጥራት የመጀመሪያውን ደብተር ገለጠች። የመጀመሪያው መስመር «ስሜ ፅጌረዳ ነው» ይላል።

ከእርሳቸው በኋላ አንዲት የወንድም ልጅና ዐሥራ አንድ ደብተሮች ቀርተዋል። ፅጌረዳ አሁን ሦስተኛው ላይ ናት፤ ይህኛው እውነት ነው። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ስማቸውንም በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን። አሜን።