የአባዬ ክላክስ

ጥቅምት 3

ዛሬም ያው። ጠዋት አባዬን አጠብኩ፣ አለበስኩ፣ መስኮቱ ስር ያለው ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። መስኮቱ ወደ ወርክሾፑ ያያል። ወርክሾፕ ስል ያው የግቢያችን ጋራዥ ነው... ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት አምፖል፣ አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ መሃል ላይ እሷ።

እሷ ማለት መኪናዋ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና። አባዬ በደህናው ጊዜ ሰው ጥሏት ጎትቶ ያመጣት ናት። የድሮ ሞተሯ ተቃጥሏል። ከተጋጨ ትልቅ የቤት መኪና ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አውጥተን እሷ ውስጥ እየከተትን ነው። «የዝሆን ልብ ለፍየል» ይላል አባዬ። እንዲገባ ብዬ ከፊቷ ቆርጫለሁ፣ በይጃለሁ፣ ራዲያተሩን ወደ ፊት ገፍቻለሁ፣ ኮፈኗ ላይ ጉብታ ሠርቻለሁ። የቀረው ትንሽ ነው። ሁሌም የቀረው ትንሽ ነው።

ስትሮኩ ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህ ድምፁ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ የመኪናዋን ክላክስ ፈትቼ ከአሮጌ ባትሪ ጋር አገናኘሁና መጫኛውን ወንበሩ ክንድ ላይ ገጠምኩለት። የገዛ እጄ ሥራ! አንድ አጭር ውሃ። ሁለት አጭር ሽንት ቤት። ረጅም ከሆነ ደግሞ ነይ ማለት ነው... ለምን እንደሆነ ስትመጪ ትሰሚያለሽ።

ቀጫጫው ደወለ። አንድ ጋራዥ ውስጥ አብረን የሠራን ልጅ ነው፤ አሁን ወደቡ ከተማ ሄዶ የራሱን ከፍቷል። «ቦታሽን ይዤልሻለሁ። ኅዳር ካለቀ ግን ሌላ ሰው ነው የምቀጥረው፣ እንዳትቀየሚኝ» አለ።

አልቀየምም። ከአባዬ ጋር የተነጋገርነው ግልጽ ነው። ራሱ ነው ያለው፤ «ጨርሻትና በእግሯ ከዚህ በር ትውጣ። ያኔ ትሄጃለሽ።» ወንድሜም ጋራዡ ባዶ ሲሆን መኝታ ቤት አድርጎት ሊገባበት፣ አባዬንም ሊይዝልኝ ቃል ሰጥቷል። ሁሉም ነገር እሷ ላይ ተንጠልጥሏል። እሺ ያልኩ ጊዜ ቶሎ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 5

ዝናብ። ሥራ የለም። ክላክስ ግን አለ።

ጥቅምት 12

ተነሳች! አንዴ አሳለች፣ ሁለት... ከዚያ ጮኸች። ጋራዡ ተናወጠ፣ ከቆርቆሮው አቧራ ረገፈብኝ። እንደ እብድ ብቻዬን ጨፈርኩ። በመስኮቱ አባዬን አየሁት፣ ይስቃል ብዬ። አልሳቀም። ረጅም ክላክስ።

«አጥፊያት!»

«ምነው አባዬ? ተነሳች እኮ!»

«ሞተሩ ይዘላል። ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ሱፖርቶዎቹን እያቸው።»

ሄጄ አየሁ። ሱፖርቶ ሞተሩን ከመኪናዋ ጋር አቅፎ የሚይዘው ብረት ነው፣ ራሴ ቆርጬ የሠራሁት። የግራው ቡሎኖች ላልተዋል። በጣት ይዞራሉ። በጣት! እኔ? እኔ ያጠበቅኩትን ቡሎን እኮ የድሮ ጋራዤ ጎረምሶች ሁለት ሆነው ነበር የሚፈቱት።

«ሐሳብሽ መንገድ ላይ ነው» አለኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጥቅምት 18

ጎረቤታችን መጣች። ለራሴ ሬዲዮ ነው የምላት፤ ማንም ሳይከፍታት ታወራለች።

«ይቺ መኪና ዛሬም አልወጣችም?»

«አልወጣችም እትዬ።»

«አንቺስ?»

«እኔስ ምን?»

«አንቺ መቼ ነው የምትወጪው እንጂ!»

እየሳቀች ወደ አባዬ ዞረች። «ጋሼ ደግሞ ፊትዎ እንዴት አምሯል! ደም ገብቶበታል።» አባዬ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበው። ከሄደች በኋላ ሽንኩርት እየከተፍኩ አለቀስኩ። በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ማታ ወንድሜ ደወለ። «አንቺ ስላለሽ እኮ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

አለሁ። የት እሄዳለሁ?

ጥቅምት 25

እንደገና። በቀደም የነዳጁ ቱቦ ነበር። ዛሬ ደግሞ የራዲያተሩ ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ውሃው ወለሉ ላይ ተዘርግፏል። አጥብቄዋለሁ። ልምልልህ እችላለሁ... ለማን ነው የምምለው? ለደብተር?

እማዬ ከማለፏ በፊት እንዲህ ነበር የጀመራት። ምድጃ ሳታጠፋ ትወጣለች፤ ጨው ሁለቴ ትጨምራለች። እኔንም ይሆን? በዚህ ዕድሜዬ?

«ደክሞሽ ነው» አለ አባዬ። በግራ እጁ ጸጉሬን ዳሰሰው። «ምን ያጣድፍሻል? ቀስ ብለን እንጨርሳታለን።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፍቅሩ ነው የከበደኝ። ከመስኮቱ እስከ ጋራዡ ያለው ሳር በእኔ እግር አልቆ መንገድ ሆኗል። ሌላ መንገድ የለኝም። መድኃኒት ቤት፣ ገበያ፣ ያቺ መንገድ። አንዳንዴ ክላክሱ ሳይጮህ ይጮህብኛል። ዘይት የነካ እጄን እየጠረግኩ እሮጣለሁ፣ እሱ «ምነው?» ይለኛል።

ኅዳር 1

ዛሬ አንድ ነገር አደረግኩ። የጥፍር ቀለሜን አወጣሁ። ቀዩ ደርቋል፤ የት ሄጄ ልቀባው? ቀለም የሌለው፣ የሚያንጸባርቀው ግን ደህና ነው። እያንዳንዱን ቡሎን እንደገና አጠበቅኩና ከራሱ ጀምሬ እስከ ብረቱ ድረስ ቀጭን መስመር አሰመርኩበት። ቡሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። ካልዞረ እንዳለ ይቆያል።

ይሄን ያስተማረኝ አባዬ ነው፤ እሱ ግን በነጭ ቀለም ነበር። እኔ በነጭ ያላደረግኩት በመስኮቱ እንዳያየው ብዬ ነው። ራሷን ማመን አቃታት እንዳይል። ለጥፍሬ ያልሆነ ቀለም ለቡሎን ይሁን እንግዲህ።

ኅዳር 3

አስነሳኋት፣ አንቀጠቀጥኳት፣ አጠፋኋት። በባትሪ መብራት ፈተሽኩ። አንድም መስመር አልተሰበረም። አንድም! እኔ ደህና ነኝ።

ነገ መድኃኒቱን ላመጣ እወጣለሁ። ከነገ ወዲያ ከበሩ አወጣታለሁ።

ኅዳር 4



ከመድኃኒት ቤት ተመለስኩ። አባዬ ወንበሩ ላይ ነው፣ ብርድ ልብሱ ጉልበቱ ላይ፣ ልክ እንዳስቀመጥኩት። ወደ ጋራዡ ገባሁ፣ መብራቱን አበራሁ። የግራው ሱፖርቶ መስመሮች ሁለቱም ተሰብረዋል። ቡሎኖቹ ላልተዋል።

ሌባ? ሌባ ባትሪውን ትቶ ቡሎን አላልቶ ይሄዳል?

ከዚያ አሥራ ሰባት ቁልፏን፣ የቡሎን መፍቻዋን፣ አየኋት። ግድግዳው ላይ፣ ችንካሯ ላይ ተሰቅላለች። ተጠርጋለች። አፏ ወደ ግድግዳው ዞሯል። እኔ ዕቃ እንደ መጣልኝ ነው የምሰቅለው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰደብበት ኖሬያለሁ። ቁልፍ ጠርጎ፣ አፉን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚሰቅል አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

ይራመዳል።

ኅዳር 5

ይራመዳል! ደስ አይልም? ደስ ብሎኛል። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከዚያ ድስቱን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት።

በጀርባዬ ነው ሽንት ቤት የማመላልሰው። ወገቤ እስኪቆረጥ። ሁለት አጭር ክላክስ፣ እሮጣለሁ፣ አንገቴን ያቅፋል፣ «አደከምኩሽ ልጄ» ይላል። ዛሬም አለኝ። አልመለስኩለትም። የታሰርኩት በበሽታው መስሎኝ ነበር። ለካ ገመዱን የሚቋጥረው እሱ ነው፣ ያውም በአንድ እጁ።

እኔን ደግሞ በራሴ አእምሮ አስፈራራኝ። ይሄን ነው ይቅር ማለት የከበደኝ።

ልንገረው? ዝም ልበል? ከተናገርኩ ያፍራል። አባዬን አፍሮ አይቼው አላውቅም፣ እንዴት እንደሚያፍርም አላውቅም።

ኅዳር 9

ተናገርኩ። አንደበቴ እምቢ ሲለኝ በመፍቻ ነው የተናገርኩት።

ጠዋት መፍቻዬን ይዤ ወንበሩ አጠገብ ተንበረከክኩና የክላክሱን መጫኛ መፍታት ጀመርኩ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ክላክሷ ነው። መንገድ ልትወጣ ነው፣ ያለ ክላክስ አትወጣም።»

«እንዴት ልጥራሽ ታዲያ?»

«ትመጣለህ።»

ሽቦውን ጠቀለልኩ። ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም።

«በምን አወቅሽ?»

«ቁልፏን ጠርገህ ሰቀልካት።»

«በቅባት ልተዋት እንዴ?» አለ። ያውም ተቆጥቶ!

ሳቅ አመለጠኝ። ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረ። «እማዬን የያዛት ነገር የያዘኝ መስሎኝ ነበር እኮ! ሌሊት ተኝቼ አላውቅም አባዬ!»

ይሄን አላሰበውም ነበር። ፊቱ ላይ አየሁት። ግራ እጁ የሌለውን መጫኛ ፈለገ።

«መጀመሪያ የተነሳሁት ላላላ አይደለም» አለ። «ገበያ ሄደሽ ነበር። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ፣ ሥራሽን ልይ ብዬ። ቡሎኑን ሞከርኩት። ንቅንቅ አይልም። እኔ በደህናዬ እንደማጠብቀው ነው። እንዲህ ካጠበቀች መሄዷ ነው አልኩ።»

«አትሂጂ አትለኝም ነበር?»

«አባት እንዲህ ይላል?»

«ቡሎን ያላላል?»

ግድግዳው ላይ ተደግፎ ተነሳ። ፊት ለፊቴ። ቀኝ እግሩ ይጎተታል፣ ግን ተነሳ። ቁመቱን ረስቼው ነበር። ከእኔ ይረዝማል።

ኅዳር 10

ያላላውን ራሱ አጠበቀ። በግራ እጁ፣ በደረቱ የመኪናዋን ጠርዝ ተደግፎ። ላግዘው ስል «ዞር በይ» አለኝ። ላቡ ሞተሩ ላይ ተንጠባጠበ። ሲጨርስ ቁልፏን ጠርጎ ሰጠኝ። አፏን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሰቀልኳት።

መስመሩን እኔ አሰመርኩ።

ብዙም አላወራንም። አልታረቅንም ማለት ይከብዳል፣ ታርቀናል ማለትም። ምሳ ላይ ግን ውሃውን ራሱ ተነስቶ ቀዳ፤ ግማሹን ደፋው። አልተነሳሁም። አለመነሳት እንዴት ከባድ ነው!

ኅዳር 12

ለወንድሜ ደወልኩ። «መኪናዋ ትወጣለች። ና።»

«በዚህ ሳምንት እንኳ ትንሽ...»

«ና አልኩህ።»

መጣ፣ ከነሻንጣው። ሬዲዮ ሰፈሩን ሁሉ አዳርሳለች፤ እኔ ያልነገርኳትንም ጨምራ።

ኅዳር 17

ነዳጅ ማደያ ቆሜ ነው የምጽፈው። መሪው ላይ ደብተሬን አስደግፌ።

ጠዋት አስነሳኋት። ወንድሜ በሩን ከፈተ። ከጋራዡ ወጣች፣ ያቺን በእግሬ ያወጣኋትን መንገድ አቋርጣ፣ ከግቢው በር ደጅ ቆመች። በእግሯ። አባዬ ቤት ውስጥ ነው። ስሰናበተው «ሂጂ፣ ሂጂ» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮብኝ ነበር።

እንዲያው መሄድ አቃተኝ። ክላክሱን ነፋሁ። አንድ ረጅም።

ነይ ማለት ነበር እሱ። ና ማለት እንዲሆን ጸለይኩ።

ቆየ። ወንድሜ ሊገባ ሲል «ተወው» አልኩት። ከዚያ በሩ ላይ ታየ። ግድግዳውን ያዘ፣ ግድግዳው ሲያልቅ አጥሩን ያዘ። ቀኝ እግሩን እየጎተተ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ እንደ ድሮው ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ።

«ትንሽ ያንኳኳል» አለ።

«ልመልሳት?»

ኮፈኗ ላይ እጁን አሳርፎ ብዙ አዳመጠ።

«ያንኳኳ። ሂጂ።»

አሁን ለመፈተሽ ኮፈኗን ከፍቼ ነበር። የእኔ መስመሮች አልተሰበሩም። ግን ከእያንዳንዱ መስመሬ ጎን ሌላ አለ። ነጭ። ወፍራም፣ ጠማማ፣ በግራ እጅ የተሰመረ። መቼ እንደሠራው አላውቅም። ሻንጣዬን ስሸክፍ መሆን አለበት። ሁሉም ላይ አለ፤ ጎንበስ ብለው ካልሆነ የማይደርሱበት ከታች ያለው ላይ ሳይቀር።

መንገዱ ረጅም ነው። ፈራሁ እንዴ? ትንሽ። ከኋላዬ አንዱ የጭነት መኪና ተራዬን ልቀቂ ብሎ ክላክሱን ረጅም ነፋብኝ። ደብተሬን ጥዬ፣ በሩን ከፍቼ፣ አንድ እግሬን አውጥቼ ነበር።

«መጣሁ አባዬ!» ብያለሁ፣ ጮክ ብዬ። ነዳጅ ቀጂዋ እስካሁን ታየኛለች።