ሁለት ሚስትና አንድ የአልጋ ቁስል

ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም.

እሑድ። ዛሬም ተኝቻለሁ። ሌላ ምን ይጻፋል?

ጠያቂ በጠያቂ ላይ። ከደሴ ሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ቤታችን ከከሚሴ መናኸሪያ ብሷል። ሁሉም ገብቶ አንድ ነገር ይለኛል፦ «ከማል፣ እንዳትነቃነቅ!» ይህን ያህል ወዳጅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ለካ ለማወቅ ከኢሱዙዬ አናት መውደቅ ነበረብኝ። ባቲ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ጭኔ ተሰበረ፣ የጎን አጥንቶቼ ተሰነጠቁ። የጫንኩት ማሽላ ግን ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ጭኔ ውስጥ ብረት ገብቷል። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ «እግርህን አትርገጥበት እንጂ አልጋህ ላይ ተገላበጥ፣ ቁጭ በል» ብሎኝ ነበር። ቁጭ ስል ጎኔን ይወጋኛል። ደግሞስ ለምን? ሰዒዳ እያጎረሰችኝ ነው። ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ ያለ ክብር አይቼ አላውቅም።

አዲስ ስፖንጅ ፍራሽም ገዝታልኛለች። እንዳይቆሽሽ ብላ ላስቲኩን አላወለቀችውም። በተነፈስኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

ጥቅምት 26

ላብ... ከወገቤ በታች፣ መሐል አጥንቱ ላይ፣ ይለበልበኛል። ግራ ተረከዜም እንደዚያው። ለሰዒዳ አልነገርኳትም። ምን ልበላት? ዕድሜ ልኬን መሪ ይዤ ተቀምጬ ያልተነካ መቀመጫ ተኝቼ ተቃጠለ ልበል?

ጥቅምት 28

ለሸምሱ ብቻ ነገርኩት። ሾፌር ለሾፌር አይተፋፈርም። «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ ወጣ። ሲመለስ የጎማ የውስጥ ላስቲክ ነፍቶ ይዞ መጣ። ከሥሬ ከተተልኝ። መሐሉ ላይ ተዘፍዝፌ እንደ ድስት ተጎለትኩ።

ኡምኩልሱም፣ ጎረቤታችን፣ ሰምታ (እንዴት ሰማች?) ለሰዒዳ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አመጣችላት። «ቆዳው እስኪሞቅ አጥብቀሽ እሺው።» በቃ፣ ከተማው ሁሉ አውቋል ማለት ነው።

ሰዒዳ አሸችኝ። ጮህኩ። «የመድኃኒቱ ሥራ ነው» አለችኝ።

ጥቅምት 30

ነርሱ ኢርፋን ስፌቴን ሊያይ መጣ። ጭኔን አይቶ «በጣም ጥሩ» አለ። ከዚያ ላስቲኩን አየ።

«ጋሽ ከማል፣ ይሄ ምንድነው?»

«የሸምሱ ነው።»

«ገልበጥ ይበሉልኝ እስቲ።»

«አይ፣ ስፌቱ እዚህ ነው...»

አልሰማኝም። ከሰዒዳ ጋር ሆኖ በጎኔ አዞረኝ። በእጁ ጀርባ ዳሰሰኝ፤ በጣቱ ተጭኖ ለቀቀ፤ ደግሞ ተጫነ። ሰዒዳንም ጠርቶ አስጫናት።

«ይታይዎታል? እኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ አይለይም፤ እንዲህ ጠቆር፣ ሐምራዊ ብሎ ነው የሚታየው። ከሌላው ቆዳ ይሞቃል፣ ጠንከርም ይላል። ሲጫኑት ገርጠት ብሎ ቢመለስ ደም እየዞረ ነበር። ይሄ አይገረጣም። የአልጋ ቁስል ጅማሬ ነው።»

«ቆዳው እኮ አልተላጠም» አለች ሰዒዳ።

«እሱ ነው ዕድላችን። ከተላጠ በኋላ ሌላ ታሪክ ነው። ወደ ሥጋ፣ ከሥጋ ወደ አጥንት...»

ያኔ እንድሪስ ትዝ አለኝ። መኪና ተገልብጦበት ወገቡ የተሰበረው እንድሪስ። ልንጠይቀው ስንገባ ቤቱ ይሸት ነበር። ሁላችንም ሸተተን፤ ሁላችንም ዱዓ አደረግን፤ አንሶላውን ገልጦ ያየ ግን አልነበረም። ስንቀብረው «ወገቡ ገደለው» አልን። ወገቡ ነበር?

ኢርፋን ትእዛዙን አወረደው። የጎማው ላስቲክ ይውጣ፤ ዙሪያውን እያነቀ ደም ይከለክላል። የፍራሹም ላስቲክ ይውለቅ፤ ላብ ያቁራል። ማሸት ክልክል። በለብታ ውሃ ታጥቦ ሳይፈተግ መድረቅ። ትራስ ከባት ሥር፣ ተረከዝ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ወተት። ከሁሉ በላይ ግን በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ፤ ቀንም ሌሊትም።

«እንዳይነቃነቅ ተብሎ የለም?» አለች ሰዒዳ።

«ማን አለ?»

ማን እንዳለ ፈልገን አጣን። ሐኪሙ አይደለም።

ኅዳር 1

ሰዒዳ ቢስሚላህ ብላ ትከሻዬንና ዳሌዬን ገፋች። እስከ ግማሽ ሄጄ ተመለስኩ። ደገመች። በሦስተኛው ወገቧን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለካ ያ ሁሉ ማጉረስ ሥጋ ሆኖልኛል።

«ሸምሱን ልጥራው?»

«ሸምሱ ራቁቴን አያይም!»

«የኡምኩልሱም ባልስ?»

«ለባዳ አላሳይም አልኩ!»

ሻሿን ፈትታ እንደገና አጥብቃ አሰረች። እንዲህ ስታደርግ መጠንቀቅ ነው።

«ሌላ ሚስት አለችህ አይደል? ትምጣ።»

አስያን ማለቷ ነው። ባቲ ላይ ካገባኋት ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሰዒዳ የሰማችው ከኔ ሳይሆን ከሾፌሮች አፍ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ስሟን ጠርታ አታውቅም፤ «ባቲ ያለችው» ነው የምትላት። ሽማግሌ ልኬ፣ ሼህ ልኬ፣ አንድ ማዕድ ላይ ላስቀምጣቸው አልቻልኩም።

ስልኩን ራሷ ደወለች። ጓዳ ገብታ ስለሆነ አልሰማሁም። አጭር ነበር... ፈራሁ። ከመኪናው አናት ስወርድም እንዲህ አልፈራሁም።

ኅዳር 3

መጣች። በአንድ እጇ የግመል ወተት፣ በሌላው ጥቅል ሰሌን። ሰዒዳ በሩ ላይ ቆማለች። አስያ ደጅ ቆማለች። ሰላምታ የለም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛ መሰልኩ።

«የት ጋ ነው የቆሰለው?» አለች አስያ።

«ግቢና እይው» አለች ሰዒዳ።

አለቀ። የሰባት ዓመት ኩርፊያ ተፈታ። ሽማግሌ ያቃተውን መቀመጫዬ ፈጸመው።

ኢርፋን ያሳያትን ሰዒዳ ለአስያ አሳየቻት። «አይጎተትም፤ ሲጎተት ቆዳው ይፋቃል። አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘን ነው የምናነሳው።» አነሱኝ። ተዞርኩ። ትራስ ከጀርባዬ፣ ትራስ በጉልበቶቼ መሐል። ፊቴ ወደ ግድግዳ ሆነ። ከኋላዬ ሁለት ሚስቶቼ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳዩ አላይም። ደግ ነው።

ኅዳር 5

«ገረገሊ!» ትላለች አስያ በኦሮምኛ። እገለበጣለሁ። «ሱታ፣ ሱታ» ትላለች ሰዒዳ፣ ቀስ በይ ማለቷ ነው። ዞሬ ሳበቃ ሁለቱም እኩል ቁጭ ይላሉ። የኔን አስተያየት የሚጠይቅ የለም።

ጠዋት ጠዋት ሰዒዳ ትጫነኛለች። «አልገረጣም» ትላለች፣ እንደ ሬዲዮ ዜና።

ኅዳር 8

ዛሬ አጠፋሁ።

ሽማግሌዎቹ ለዱዓ መጡ። ጫቱ ተዘረጋ፣ ወሬው ደራ። በእነሱ ፊት እንደ ሕፃን ልገለበጥ? በጀርባዬ እንደተንጋለልኩ ቆየሁ። ሰዒዳ በበሩ ብቅ ብላ ሰዓቱ ደርሷል ስትል በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ደህና ነኝ አልኳት በእጄ። ቆይታ መጣች። አሁንም በእጄ። አጥንቱ ላይ እሳት ተጭኖብኛል፤ እኔ ስለ ነዳጅ ዋጋ አወራለሁ።

አስያ ገባች። እንደ ሰዒዳ በዓይን አልጠቀሰችኝም።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ። አንዴ ውጡልን። ሰውየው ሊገለበጥ ነው።»

ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። «ሰዒዳ፣ ያዥልኝ ይቺን!» አልኩ። ሰዒዳ ገባች። ከአስያ ጎን ቆመች።

«እውነቷን ነው። ውጡልን።»

ወጡ። ጫታቸውን ይዘው።

አዞሩኝ። ሰዒዳ ተጫነችኝ፤ ዜናውን አልተናገረችም። አስያ «ዳሩ ላይ ሊላጥ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«የኢልሃም አባት» አለችኝ ሰዒዳ፣ በልጃችን ስም። «እንድሪስም እንዳንተ ያፍር ነበር። ሚስቱ ናት የነገረችኝ።»

ፊቴ ወደ ግድግዳው ነው። ግድግዳው ደግሞ እንደ ልብ ያስለቅሳል፤ ማንም አያይህም።

ኅዳር 9

ኢርፋን አየው። አልተላጠም፤ ለጥቂት። ከእንግዲህ በጀርባዬ መተኛት የለም፤ ከጎን ወደ ጎን ብቻ። እሺ አልኩ። ላንዳንዱ ሰው እሺ ማለት ለካ አያምም።

ኅዳር 13

ሲገለብጡኝ በኦሮምኛ እያወሩ ነው። የማልሰማ ይመስል! ስለ እኔ ነው። ሰዒዳ ስለማንኮራፋቴ አንድ ነገር አለች። አስያ አንሶላውን ለቅቃ ሳቀች። ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ።

«ኧረ ጨርሱኝ!»

ባሰባቸው።

ኅዳር 17

ሰዒዳ ተጫነች። ቆየች። እንደገና ተጫነች።

«አስያ! ነይ ነይ!»

ስሟን ጠራች። ልብ አላለችውም፤ እኔ ግን ሰማሁ።

«ገረጣ! እዪው፣ ገርጥቶ ተመለሰ!»

«ወላሂ ገረጣ! ሙቀቱም የለም፣ ለስልሷል!»

እልልታውን አቀለጡት። ሁለቱም። ኡምኩልሱም ልጃችን ኢልሃም የታጨች መስሏት እየሮጠች መጣች። «ምን ተገኘ?» ሁለቱም ወደኔ ጠቆሙ። አንሶላዬን እስካንገቴ ሳብኩ።

ታኅሣሥ 6

ጎኔ ድኗል። ራሴ እገላበጣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ በክራንች ሽንት ቤት እሄዳለሁ። ቆዳው ትንሽ ጠቆር ብሎ ቀርቷል እንጂ ለስላሳ ነው ይላሉ፤ እኔ የት አየዋለሁ?

አስያ ዛሬ ወደ ባቲ ተመለሰች። ሰዒዳ ሙሉ ቀን አኩርፋለች።

«ደስ ይልሻል ብዬ ነበር» አልኳት።

«ከማን ጋር ልሳቅ? ካንተ ጋር?»

ታኅሣሥ 20

ስልኬን አላገኘውም። ሰዒዳ ጓዳ ናት፤ ከባቲ ጋር እያወራች። ሒሳቡ ሲያልቅ ትመልስልኛለች። አስያ ሰላም ብላሃለች አለችኝ። በመጨረሻ።

ጥር 17

ሰኞ፣ የባቲ ገበያ። ሰዒዳ እዚህ ከሚሴ ካላት ትንሽ ሱቋ ሽርጥ ይዛ ልትሄድ ነው። አስያ ቅዳሜ መጥታ መርጣላታለች፤ የትኛው ቀለም ባቲ እንደሚሸጥ እሷ ታውቃለች። ስትመለስ ሰዒዳ የአስያን ሰሌን ከሚሴ ታመጣለች። ሁሉን ጨርሰው ነው የነገሩኝ። እንዲያው ለማሳወቅ ያህል።

መናኸሪያ ድረስ በክራንች ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰዒዳ በመስኮት ብቅ ብላ «ቁጭ ብለህ እንዳትውል! ብድግ ብድግ በል፣ ተረከዝህን እይ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

አጠገባቸው የተቀመጡ ሽማግሌ ይሰማሉ።

«እኅትማማቾች ናችሁ?»

ተያዩ። «አዎ» አለች ሰዒዳ።

«ይኼስ ሰውዬ?»

አፌን ከፈትኩ። አስያ ቀደመችኝ።

«እሱማ ቤት ጠባቂያችን ነው።»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ሌሊቱን ሙሉ ያገላበጡኝ እጆች በመስኮት ሲወዛወዙ አየሁ፤ ሁለቱም እስኪርቁ ቆምኩ። በእግሬ ቆምኩ።

ቤት ስገባ ድስቱን ከፈትኩት። ባዶ። ራቴን ማን እንደሚሠራ ማንም አልነገረኝም።