አምስት የመደመር ምልክት

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ከቀኑ 7፡15
ክፍል ጨርሼ ወጣሁ። እጄ ላይ የማርከር ቀለም። ፊቴ አሁንም ይግላል፣ ደብተሬ።
የ2ኛ ዓመት የሲ (C) ፕሮግራሚንግ ክፍለ ጊዜ። አንዷ ተማሪ ሰሌዳው ላይ x+++y ጻፈች። «ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ ይሄን እንዴት ያነበዋል?» ግራ ይገባዋል፣ ስህተት ብሎ ይመልሰዋል አልኳት። ስድስት ዓመት አስተምሬ!
መ/ርት ሃና ከኋላ ተቀምጣለች። ከተቀጠረች ሁለት ወሯ ነው፤ የእኔን ክፍል ልትታዘብ መጥታ። ፈቃድ ጠይቃ ተነሳች። ኮምፓይለሩ፣ የጻፍነውን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ስግብግብ ነው አለች፤ ከግራ ጀምሮ ትርጉም ያለውን ረጅሙን ምልክት ያነሳል። መጀመሪያ ++ን፣ «አንድ ጨምር» የሚለውን፣ ቀጥሎ የተረፈውን +። ስለዚህ x++ + y። ተማሪዎቹ ኮምፒውተር ላይ ሞከሩት። ሠራ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እሷን አየ። እኔም ፈገግ አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ከሰዓት
ዛሬም ቢሮዋ በር ላይ ተማሪ ተሰልፏል። የእኔ በር ላይ ማንም የለም። ጫማዋ ያምራል፤ እሱም አናደደኝ።
የት/ክፍል ኃላፊው አቶ ግርማ አስጠሩኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የ2ኛ ዓመቱን ክፍል ሃና ብትይዘው ምን ይመስልሻል አሉኝ። እርስዎ እንዳሉ አልኩ። ደረጃው ላይ እንባዬ መጣ።
ልደታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ሃና የምትሳሳትበት አንድ ነገር ፍለጋ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ ማለዳ 12፡30
አገኘሁ! x+++++y። አምስት። ሰው ሲያየው x++ + ++y ነው ይላል። ኮምፓይለሩ ግን ወደፊት አያስብም፤ ++፣ አሁንም ++፣ ከዚያ +። ሁለተኛው ++ አንድ የሚጨምርበት ተለዋዋጭ ያጣል። ስህተት! ነገ የመምህራን ስብሰባ አለ። አቶ ግርማ ባሉበት እጠይቃታለሁ። ልብሴን ልልበስ። እየዘፈንኩ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፤ 10፡00
ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ጌጃ ሰፈር ከማለዳ ጀምሮ በቆሻሻ ጭስ ታፍኗል። ጉሮሮዬ ይከረክረኛል።
ጠየቅኳት። ሳታስብ x++ + ++y አለች። ኮምፒውተሩን አዞርኩላት። ስህተት፣ በቀይ። አቶ ግርማ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። ጮቤ ረገጥኩ፣ በሆዴ።
እሷ ሳቀች። «ውይ! የራሴን ሕግ ረሳሁት እኮ። አንቺ እንዴት አሰብሽው?» ጥያቄውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ አጠገቡ ስሜን። ለተማሪዎቹ መለማመጃ አብረን እናዘጋጅ አለችኝ። ጊዜ የለኝም አልኳት። ውሸት።
ስንወጣ አቶ ግርማ ጥሩ ጥያቄ ነበር አሉኝ። ክፍሉ ግን ለሃና ተሰጥቷል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ጠዋት 4፡00
ደስታው አላደረም። «እንዴት አሰብሽው» ያለችው ከጆሮዬ አልወጣም። ላሳፍራት ነዋ! ሌላ ምን መልስ አለኝ?
አሁንም እቀናባታለሁ፣ አልዋሽህም። ስትስቅ ያመኛል። እኔ ብሆን ስሟን አልጽፍም ነበር።
ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ እገባለሁ። ጥያቄውን ለምን እንደፈለግኩት እነግራታለሁ። ከዚያ መለማመጃውን አብረን እናዘጋጅ እላታለሁ። እሺ ካለች እሰየው። እምቢ ካለችም አልፈርድባትም።