የማርትሬዛ ልጅ

ሰኞ
አንጥረኛው ሙሉቀን በስልክ የላከልኝን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ። የድሮ የአንገት ጌጥ ነው፤ የንግሥት ምስል ያለባቸው ማርትሬዛ ብሮች፣ ከመሃላቸው አንዲት ትንሽ ብር። የቅጠል አክሊል የደፋ ሰው፣ ዙሪያውን የላቲን ፊደል። የሮም ብር ናት። የድሮ ብር ሰብሳቢ ነኝ፤ እኔ ያሉኝ ሦስት የሮም ብሮች ከባሕር ማዶ በፖስታ የመጡ ናቸው፤ ይቺ ግን እዚሁ ባሕር ዳር ሰው አንገት ላይ ኖራለች። ባለቤቷ እማማ ዘሀራ ጌጡን አሳይተውት ወደ ቤት መልሰውታል። ረቡዕ ያመጡለትና አቅልጦ ለልጅ ልጃቸው ሠርግ አዲስ ሐብል ይሠራበታል።

ማክሰኞ
እማማ ዘሀራ ዘንድ ሄድሁ። ቤታቸው ከሐይቁ ዳር ነው። ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። ትንሿን «የማርትሬዛ ልጅ እንላታለን» ሲሉኝ ሳቄ አመለጠኝ፤ ልጅቱ እናቷን ከሺህ ዓመት በላይ ትበልጣለች። የባለቤታቸው አያት ከምጽዋ ከጨርቅ ጋር ያመጧት ናት ይባላል። ለየኢዱ በሎሚና በአመድ ሲፈትጓት የሰውየው አፍንጫ አልቋል፤ ከስሙም የቀረው ሁለት ፊደል ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እበሽቅ ነበር። ምናልባት አንድ የሮም ወታደር ደመወዙን የተቀበለባት ብር፣ የእማማ ዘሀራን ሙቀት ይዛ መዳፌ ላይ ተኛች። እንዳያቀልጧት ለመንሁ። «የልጅ ልጄ አዲስ ነው የምትሻ፤ እስቲ ላስብበት» አሉኝ። ይሽጡልኝ ማለቱ በመጀመሪያ ቀን ነውር መሰለኝ።

ረቡዕ
ከሥራ ቦታ ደወልሁ። «ብሩን ለሙሉቀን ሰጠሁት» አሉኝና መስመሩ ተቋረጠ። ሙሉቀን ስልክ አያነሳም። አለቃዬን ሳላስፈቅድ በባጃጅ በረርሁ። ስደርስ ወናፉ ይነፋል፤ ማቅለጫው ውስጥ ብር ቀልጦ ያብረቀርቃል።
«ጨረስሃት?» አልሁት።
«ማንን?»
«የሮሟን።»
እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የሰጡት ገንዘብ ኖሯል፤ ከራሱ ብር አዲስ ሐብል እንዲሠራላቸው። አሮጌውን ጭራሽ አላመጡትም። ብሩንም ብር፣ ገንዘቡንም ብር ስንል አንድ ቀን በድንጋጤ መሞታችን ነው። ደፉ ላይ ተቀምጬ ውኃ ጠጣሁ።

ሐሙስ
ዛሬስ ይሽጡልኝ ልል ቆርጬ ሄድሁ። ስደርስ እማማ ዘሀራ ትንሿን ብር ብቻዋን በጥቁር ክር አስገብተው ለሙሽራዋ ለሰሚራ ይለኩላታል።
«ና እስቲ የኔ ልጅ፤ አንተ የተማርህ ነህ። ይህ ሰውየ ማነው? ደግ ሰው ነበር?»
ንጉሥ እንደነበረ ነገርኋቸው። ስሙ ስለጠፋ የትኛው እንደሆነ፣ ደግ ይሁን ክፉ፣ እንደማላውቅም ጭምር።
«እንግዲህ እኛ ቤት ከገባ ወዲህ ክፉ አላየንበትም» አሉና ክሩን አሰሩላት።
በሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜው እንዲህ ያለ ምስክር ያገኘ ንጉሥ ስንት ይሆን? ይሽጡልኝ የሚለውን ቃል ዋጥሁት። ምኞቱ ግን አልለቀቀኝም። እሑድ ለሠርጉ ተጠርቻለሁ። መሄዱን እሄዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከሙሽራዋ አንገት ዓይኔን ሳልነቅል ስውል ግን ሙሽራው ምን ይለኝ ይሆን።