ሳይወጉኝ ላዳኑኝ ሐኪም

ለተከበሩ ዶክተር አባይነህ
የክሊኒኩ ባለቤትና ዋና ሐኪም
ፒያሳ

ጉዳዩ፦ ሕክምናው ሳይሰጠኝ ስለ መዳኔ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ዶክተር፣

እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎና አዲሱ ሊፍትዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እንዲያውም ከደኅና በላይ መሆኔን ከክሊኒክዎ ፊት ለፊት በተሰቀለው ባነር ላይ አንብቤአለሁ። «እንኳን ደስ አለዎት! ወይዘሮ የሺዓለም ሉልሰገድ ሽንት ከማምለጥ ችግር በስቴም ሴል ሙሉ በሙሉ ተፈውሰዋል» ይላል። እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሜ በሳቅ ፈረስሁ፤ ሳቄም እንደ ልማዱ ብቻውን ስላልመጣ፣ ቀሚሴን ልቀይር በታክሲ ወደ አፍንጮ በር ተመለስሁ።

ነገሩን ዘንግተውት ከሆነ ላስታውስዎ። በሠፈራችን በተደገሰ ሠርግ ሁሉ እልልታውን የማቀልጠው እኔ ነበርሁ። የመጨረሻ ልጄን ከወለድሁ ወዲህ ግን ስስቅ፣ ሳስነጥስ፣ ዕቃ ሳነሣ ሽንቴ ያመልጠኛል፤ እልልታማ አይታሰብም። አሁን ያቺው ልጄ ኢየሩስ ለጥር ልትዳር ነው። እናቷ በሠርጓ ቀን አፏን በነጠላ ሸፍና እንደ ባዳ ጥግ ይዛ እንዳትቆም ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት።

እርስዎም በትሕትና አስረዱኝ። ከጭኔ ጥቂት ሥጋ ተወስዶ፣ በውስጡ ያሉት ሴሎች ውጭ አገር ላቦራቶሪ ተራብተው፣ ሲመለሱ ሽንት በሚዘጋው ጡንቻ ላይ በመርፌ እንደሚሰጡኝ፣ ሕክምናው ግን ገና በጥናት ላይ ስለሆነ ሊሠራም ላይሠራም እንደሚችል ነገሩኝ፤ እኔም ተስማምቼ ፈረምሁ። ሴሎቼ ከፋሲካ በኋላ በአውሮፕላን ሄዱ። ከቤተሰባችን ውጭ አገር የደረሱት እነሱ ብቻ ሲሆኑ፣ እንደ ብዙ ሰው እነሱም ሄደው ቀሩ። እስከዛሬ አንዲት መርፌ አልተወጋሁም።

ስለሆነም የሚከተሉትን ምስጋናዎች በአክብሮት አቀርባለሁ፤

1ኛ. ምስጢሬን ስለጠበቁልኝ። ጉዳዩን ከእርስዎና ከነርሷ በቀር ማንም አያውቅም ብለውኝ ነበር፤ ቃልዎን አክብረው ከእርስዎ፣ ከነርሷና ፒያሳን በታክሲ ከሚያቋርጥ ሕዝብ በቀር ማንም አላወቀም። ባነሩ ላይ ያለው ፎቶዬም ያምራል። የፊቴን ሽብሽብ ሁሉ በኮምፒዩተር ስላጠፉልኝ፣ ቢያንስ ፊቴ ታክሟል።

2ኛ. ሠፈሩን ሁሉ ተመራማሪ ስላደረጉት። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ እምሩ በቀልዳቸው የታወቁ ሰው ናቸው። ባነሩን ካዩ ወዲህ ዶሮ ማነቂያ ወዳለችው የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቄ ጠዋት ጠዋት ብቅ እያሉ «እትዬ የሺ፣ ጋራንቲው ስንት ዓመት ነው?» ይሉኛል። እኔም የሥላሴን ስም እየጠራሁ፣ እግሬን አቆላልፌ፣ ባንኮኒውን ጨብጬ እታገላለሁ። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጠው በጆሮዬ አንድ ነገር ሹክ አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም፤ ወንበሩ ፕላስቲክ መሆኑ ግን በጀን።

3ኛ. ይኸኛው አያስቅም። ባነሩ ከተሰቀለ ጀምሮ የማላውቃቸው ሴቶች ሱቄ ይመጣሉ። የማይፈልጉትን ቁልፍ ይገዙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እውነት ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። አንዷን ግን በደንብ አውቃታለሁ። ለተኪዳን ትባላለች፤ የዘመናት ጓደኛዬ ናት። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሁልጊዜ ከደጅ የምትቀረው ከትሕትና ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስትሰግድ ስለሚያመልጣት ኖሯል። የእኔን ፎቶ አይታ የአንገት ወርቋን ሸጣ ወደ እርስዎ ልትመጣ ነበር። ያልዳንሁ መሆኔን ስነግራት አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስሁ። ዶክተር፣ በራሴ መሳቅ እችላለሁ፤ በእኔ ፊት ጓደኛዬን ሲያታልሉ ግን አንጀቴ አረረ።

በዕውቀትዎ ተስፋ አልቆረጥሁም። ሴሎቼ አገር ቤት ከናፈቃቸው መርፌውን በደስታ እወጋለሁ፤ ከሠራልኝም ባነሩን መሰላል ላይ ወጥቼ ራሴ እሰቅለዋለሁ። እስከዚያው አውርደው፣ ከፈለጉ «ወይዘሮ የሺዓለም እየጠበቁ ነው» የሚል ይስቀሉልኝ።

ጤናና ዕድሜ፣ ከሁሉም በላይ ትንሽ ሐፍረት እየተመኘሁልዎ፣ ከማይለወጥ አክብሮትና ከተቆላለፈ እግር ጋር፣

በእርስዎ ባነር የተፈወስሁት
የሺዓለም ሉልሰገድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባነሩ እስከ ቅዳሜ ካልወረደ፣ እኔና እነዚያ ሴቶች ሻያችንን በደንብ ጠጥተን እንግዳ መቀበያዎ ድረስ እንመጣለን፤ ጽሑፉንም ጮክ ብለን እያነበብን እንስቃለን። ምንጣፉን ቀደም ብለው ቢያስነሡት ይሻላል።